ምርጫ የሌላቸው በላተኞች



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ሥጋ የሌለበት ምግብና ጤና» የሚል ነው። ከሥሩ በእስክሪብቶ «ለውሻና ለድመትስ?» የሚል ጥያቄ ተጨምሮበታል። መጀመሪያ ሳየው ፈገግ አልኩ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ከሁለቱ የሚከብደው የታችኛው ሆኖ አገኘሁት። ጎልማሳ ሰው ሥጋ ቢተው የሚሰማውን ራሱ ይናገራል፤ የጎደለውን ይጨምራል፣ ካልተስማማው ይተወዋል። ድመትና ውሻ ይህን ማድረግ አይችሉም፤ ጡት የሚጠባ ሕፃንም እንዲሁ። የሰጠናቸውን ይበላሉ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ነገሩን የምከፍለው በሥጋ በሊታና በጿሚ አይደለም፤ ለራሱ በሚመርጥና ሌላ ሰው በሚመርጥለት በላተኛ ነው።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

በብዙ አገር ስለዚህ ጉዳይ የሚናገር ሰው የሚገጥመው ሥጋ ሳይቀምስ ሳምንት ሰንብቶ የማያውቅ አድማጭ ነው። እዚህ ግን የሁዳዴን 55 ቀን ይዞ፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና የፍልሰታን ጾም አክሎ፣ ረቡዕና ዓርብን ሳያጓድል የሚጾም ሰው ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከቅቤ ተለይቶ ያሳልፋል። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የቪጋኖች፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር የማይበሉ ሰዎች፣ ማኅበር የተቋቋመው በ1944 ነው። ዛሬ በውጭ አገር ሱቆች ሥጋ የሚመስል የአትክልት ምግብ በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ የእኛ እናቶች ከሽምብራ ዱቄት ዓሣ እየቀረጹ ወጥ መሥራት የጀመሩት ከዚያ ስንት ዘመን ቀድመው ነው። ልምዱ የእኛ ነው። ልኬቱን የወሰዱት ግን ሌሎች ናቸውና ወደ እነሱ እንሂድ።

በካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ በሚባል ከተማ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶች ዩኒቨርሲቲ አለ። ከ2002 ጀምሮ ወደ 96 ሺህ የሚጠጉ የእምነቱ ተከታዮችን መዝግቦ አመጋገባቸውንና ጤናቸውን ተከታተለ። አድቬንቲስቶች ለዚህ ዓይነት ጥናት ምቹ ናቸው፤ ሥጋ በሊታውም ሥጋ የማይበላውም በአብዛኛው አያጨስም፣ አይጠጣም፤ ስለዚህ ሲጋራውና መጠጡ ንጽጽሩን አያደፈርሱትም። በ2013 በወጣው ውጤት ሥጋ የማይበሉት በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ከበሊታዎቹ በ12 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 22 ጥንድ መንትዮችን ለስምንት ሳምንት አንዱን ቪጋን፣ ሌላውን ሥጋ በሊታ አድርገው መገቧቸው። መንትዮቹ ፍጹም ተመሳሳይ ናቸው፤ ልዩነቱ የሳህኑ ብቻ ነው። በቪጋኖቹ ደም ውስጥ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በግልጽ ቀነሰ።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2015 በጨው፣ በጭስ ወይም በኬሚካል እንዲቆይ የተደረገ ሥጋን ካንሰር አምጪ ሲል መደበ፤ በቀን 50 ግራም የሚበላ ሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር ሥጋቱ በ18 በመቶ ገደማ እንደሚጨምርም ገለጸ። ሞርታዴላና ቋሊማ ከዚህ ምድብ መሆናቸው ማንንም አያስደንቅም። ቋንጣችንም ከትርጓሜው አያመልጥም። ፊታችሁ ላይ ቅሬታ አየሁ፤ ፋሲካ ሲደርስ እንነጋገርበታለን።

በሌላ በኩል የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 48 ሺህ ሰዎችን ለ18 ዓመት ያህል ተከታትለው በ2019 ያወጡት ውጤት ሁለት ፊት አለው። ሥጋና ዓሣ የማይበሉት ለልብ ደም ሥር በሽታ ያላቸው ተጋላጭነት በ22 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ስትሮክ ግን በ20 በመቶ በዝቶባቸዋል። በመቶኛ ሲነገር ያስፈራል። በሰው ቁጥር ስናስቀምጠው ከአንድ ሺህ ሰው በ10 ዓመት ውስጥ በልብ በሽታ የሚያዘው በ10 ሰው ይቀንሳል፣ ስትሮክ የሚያጋጥመው በሦስት ሰው ይጨምራል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ጥናት ቪጋኖች አጥንታቸው የመሰበር ዕድሉ በ43 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳየ። ከምክንያቶቹ መካከል የክብደታቸው ማነስ፣ የካልሲየምና የፕሮቲን እጥረት ይገኙበታል።

እነዚህን ቁጥሮች ይዘን ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ ነገር እንዳይምታታብን እሠጋለሁ። ሥጋ የተወ ሰውና ሥጋ ያጣ ሰው አንድ አይደሉም። የካሊፎርኒያው አድቬንቲስት ሥጋውን ሲተው በምትኩ ለውዝ፣ ፍራፍሬ፣ ባቄላ፣ ቫይታሚን የተጨመረበት የሶያ ወተት ይቀርብለታል። ገጠር ያለው ገበሬያችን ሥጋ የሚያገኘው በጾሙ ምክንያት ሳይሆን በኪሱ ምክንያት በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ የሚቀርብለትም እንጀራ በቀጭን ሽሮ ነው። የመጀመሪያውን ሰው ጤና ለሁለተኛው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ድህነትን እንደ ጥሩ አመጋገብ መስበክ ይሆናል። የከተማው ጿሚም የራሱ ጣጣ አለበት። ጠዋት ዘይት ያዘለ ሳምቡሳ፣ ከሰዓት በማርጋሪን የተሠራ የጾም ኬክ፣ ማታ ጥብስ ድንችና ለስላሳ። ከሥጋ ጾሟል፤ የልብ ሐኪሙ ግን አይመሰክርለትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት ልግባ። ከእህልና ከአትክልት ፕሮቲን ይገኛል። የጤፉ ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ሽምብራና ምስር ያን ይሞሉለታል። እንጀራ በሽሮ ያስተማረን ሳይንቲስት የለም፤ ሳይንቲስቱ መጥቶ «ልክ ናችሁ» አለ እንጂ። ካልሲየምም ከብዙው እህል ይልቅ ጤፍ ውስጥ በርከት ብሎ ይገኛል። ቫይታሚን ቢ-12 ግን ከጎመንም ከምስርም ከሱፍም አይገኝም። የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ላሟ ራሷ አትሠራውም፤ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ይሠሩላታል፣ እኛ ከሥጋዋ፣ ከጉበቷና ከወተቷ እንወስዳለን። «እርሾም ተህዋስያን አለበት፣ ስለዚህ እንጀራ ይበቃል» የሚል ክርክር አለ፤ በዚህ ላይ ተማምኖ መኖር ግን አይቻልም።

የሚያስፈልገን በቀን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ማይክሮግራም ማለት አንዱ ግራም ለሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። ይህች ትንሽ ነገር ስትጠፋ የሚሆነውን ለማወቅ ዓለም ብዙ ሰው ቀብሯል። ፔርኒሺየስ አኒሚያ የሚሉት የደም ማነስ እስከ 1920ዎቹ ድረስ የያዘውን የሚገድል በሽታ ነበር። በ1926 ቦስተን ውስጥ ማይኖትና መርፊ የተባሉ ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን በየቀኑ ብዙ ጉበት እያበሉ አዳኗቸው። የነዚያን ሕሙማን ምሬት በልባችሁ ሣሉት፤ ከኛ ሰፈር አንድ ዱለት ወዳድ እዚያ ቢኖር ኖሮ ሕክምናውን ድግስ ነው ብሎ ይቆጥረው ነበር። ሐኪሞቹ ዊፕል ከተባለ ሌላ ተመራማሪ ጋር በ1934 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጉበቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ምን እንደሆነ የታወቀው ግን በ1948 ነው፤ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ በየፊናቸው ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ቀዩን የቢ-12 ክሪስታል ለይተው አወጡ።

ጉበት በጎ ጎተራ ነው። ጤነኛ ሰው ለዓመታት የሚበቃ ቢ-12 ጉበቱ ውስጥ አጠራቅሞ ይኖራል። ሁዳዴን የጾመ ሰው በ55 ቀን ውስጥ ይህ የማይጎድልበት ለዚህ ነው፤ ፋሲካ ሲመጣም የተነሣው ይተካል። ጾማችን መክፈቻ አለው። መክፈቻ የሌለው የዘወትር ቪጋንነት ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ጎተራው ቀስ እያለ ይጎድላል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ምንም ላይሰማ ይችላል፤ ከዚያ እግር ይደነዝዛል፣ እጅ ላይ መርፌ መርፌ ይላል፣ ሚዛን ይዛባል፣ ነገር መርሳት ይመጣል። ነርቭ አንዴ ከተጎዳ ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል።

እዚህ ላይ ምግባችን ራሱ ሐኪሙን የሚያታልልበት መንገድ አለ። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ሞልቷቸዋል። ፎሌት ሲበዛ ቢ-12 በማጣት የሚመጣውን የደም ማነስ ይሸፍነዋል። የደሙ ምርመራ ደህና ይመስላል፣ ነርቩ ግን በውስጥ መጎዳቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ሰው እግሬ ደነዘዘ ሲል «ደምህ ደህና ነው» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ቢ-12ቱ ራሱ ይለካ። የስኳር በሽታ ኖሮባችሁ ሜትፎርሚን ለዓመታት የምትወስዱም አላችሁ። መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባውን ቢ-12 ይቀንሳል፤ ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ መውሰድም እንዲሁ። በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ሆኖ አጽዋማትን ሁሉ የሚጾም ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ይመርመር፤ መድኃኒቱን ግን በራሱ ውሳኔ እንዳያቋርጥ።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ የኛ ምግብ ቤቶች ለቪጋኖች መሰብሰቢያ ሆነዋል፤ የጾም በያይነቱ እዚያ የሚበላው ረቡዕና ዓርብ ብቻ አይደለም። ባሕር ማዶ ሆነው ጾሙን ወደ ዘወትር ኑሮ ለቀየሩ ልጆቻችን የምለው አጭር ነው፦ የቢ-12 ክኒን ዋጡ፤ ክኒን ካልወደዳችሁ ቢ-12 የተጨመረበት የሶያ ወተት ጠጡ። ቤት ውስጥ የተዘጋጀ የሱፍ ወተት ጥሩ መጠጥ ነው፤ ቢ-12 ግን የለበትም።

ስለ ብረት ብዙ አልናገርም፤ አንድ የሚታመንና የሚያስቀይም ነገር ግን አለ። ጤፍ ብረት የሞላው ነው ይባላል። እህሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈር ይገባበታል፤ ቀደም ባሉ ምርመራዎች ከተለካው ብረት ብዙው የአፈሩ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰውነታችን ደግሞ የአፈር ብረት እምብዛም አይቀበልም። የራሱ የእህሉ ብረትም ፋይቴት በሚባል ነገር ይታሠራል። የሊጡ መቡካት ይህን እሥራት ያላላዋል፤ ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ባላቸው ቫይታሚን ሲ ያግዛሉ። ቡና ግን ያስርበታል። አንድ ታዋቂ ሙከራ ላይ ከምግብ ጋር የተጠጣ ሲኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሷል። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡናም ከምግቡ ጋር ከተጠጣው እኩል ጎድቷል፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አላደረገም። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት እንግዲህ አቦሉ ከምሳ በፊት ይውጣ። ይህን ምክር በቤቴ ተግባራዊ ማድረግ አልቻልኩም፤ እናቴ አትሰማኝም።

ከዕፅዋት የሚመጣ ሁሉ ደህና ነው ለሚል ሰው ደግሞ የጓያን ታሪክ አስታውሰዋለሁ። ጓያ ድርቅን ይቋቋማል፤ ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይተርፋል፤ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለበት። ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን እግር ይሰብራል፤ በደምቢያ፣ በፎገራ፣ በደላንታ ብዙ ሰው፣ በተለይም ጎረምሳና ወጣት ወንድ፣ በምርኩዝ ወይም በዳዴ የሚሄድ ሆኖ ቀርቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሽታ በየመንደሩ ዞረው አጥንተውታል። ሌላ እህል ሲቀላቀልበት፣ ሲዘፈዘፍና ውሃው ሲደፋ አደጋው ይቀንሳል። የተሰበረው ሰው ግን ጓያን ወዶ የመረጠ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ጎተራው ውስጥ የቀረለት እሱ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ ያልኩት ክፍፍል ጉልበት የሚያገኘው። ብዙ ዓይነት ምግብ የሚበላ ሰው የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሸፈንለታል። አንድ ዓይነት ብቻ የሚቀርብለት ፍጡር መሸፈኛ የለውም።

ከዚህ ወገን የመጀመሪያው ሕፃን ነው። እናት ቢ-12 ከጎደላት ወተቷም ይጎድለዋል። እሷ በጎተራዋ ቀሪ ደህና ስትመስል፣ ጎተራ ሳይኖረው የተወለደው ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይደክማል፤ ይቀመጥ የነበረው መቀመጥ ያቆማል፣ መሳቁን ይተዋል፣ አንገቱ ይላላል። ቶሎ ካልታከመ የአእምሮ እድገቱ ላይ ጠባሳ ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ከሰባት ዓመት በታች ጹሙ አትልም፤ ለታመመና ለነፍሰ ጡርም የንስሐ አባት የሚሰጡት ፈቃድ አለ። ሕጉ ርኅሩኅ ነው። የሚጨክነው ማድ ቤቱ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ወተቱ ከገበያ ይቀንሳል፤ እናት ደግሞ የልጁ ዕንቁላል የተቀቀለበት ድስት የጾሙን ዕቃ ያስገድፍብኛል ብላ ትፈራለች። እንዲህ ሲሆን ጾም የማይመለከተው የስምንት ወር ልጅ ከቤተሰቡ እኩል ይጾማል። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በጾሙ ላይ መጣል ግፍ ነው። ግን አንዲት የልጅ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለብቻ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ካህናቱም ይህን ከዐውደ ምሕረቱ ቢናገሩት ከእኔ ይልቅ ይሰማሉ።

ፋብሪካም ሊሳሳት ይችላል። በ2003 እስራኤል ውስጥ ረሜዲያ በሚል ስም ይሸጥ የነበረ ከሶያ የተሠራ የሕፃናት ዱቄት ወተት ቫይታሚን ቢ-1 ሊኖረው ከሚገባው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው መጠን ሙሉ ነበር። ሕፃናት ሞቱ፤ ከሞት የተረፉትም መካከል ለዕድሜ ልክ የተጎዱ አሉ። ትልቅ ሰው ያንን ወተት ቢጠጣ ምንም አይሆንም ነበር፤ ቢ-1ን ከዳቦውም ከባቄላውም ያገኛል። ሕፃኑ ግን ያችን ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚያውቃት።

ይህን ይዘን ወደ ውሻና ድመት እንምጣ፤ የእነሱም ኑሮ የቆርቆሮው ልጅ ኑሮ ነውና።

ከውሻ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ውሻ ከተኩላ የወጣ ቢሆንም ከሰው ጋር በኖረባቸው ሺህ ዓመታት ሆዱ ተለውጧል። በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት ስታርች የሚፈጨውን ኤንዛይም የሚሠራው ዘረ መል በተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው፣ በውሻ ከ4 እስከ 30 እንደሚደርስ አሳይቷል። የሐበሻ ውሻ የእንጀራ ፍርፋሪ በልቶ መኖሩ ተአምር አይደለም ማለት ነው። በባለሙያ ተመጥኖ የተዘጋጀ፣ ሥጋ የሌለበት ምግብ አዋቂ ውሻን ሊያኖር ይችላል፤ የብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም በ2024 በዚህ ላይ የነበረውን ተቃውሞ ለውሻ ሲያነሣ ለድመት አላነሣም። ቪጋን የሆኑ ውሾች ጤነኛ ናቸው የሚሉ ትልልቅ መጠይቆችም ታትመዋል። እነዚያን ግን በጥንቃቄ አንብቧቸው፤ ጤንነቱን የመሰከረው ባለቤቱ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ምግቡን የመረጠው ራሱ ነው። ከዚያ ጎን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 አተርና ምስር የበዛባቸው አንዳንድ የውሻ ምግቦች ከልብ ጡንቻ መድከም ጋር ግንኙነት ይኖራቸው እንደሆነ መመርመር ጀመረ። ምግቡ ለበሽታው መንሥኤ መሆኑ አልተረጋገጠም፤ የፍርሃቱ ምክንያት ግን ያው የምናውቀው ነው፤ በየቀኑ አንድ ከረጢት።

የእኛ አገር ውሻ ግን ከከረጢት አይበላም፤ ትርፍራፊ ነው የሚበላው፤ እዚህ ላይ የጾም ወጥ ከሥጋው ወጥ አይሻልም። ወጣችን መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ መብሰልም ይህን አያጠፋውም። ለውሻ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም፣ ለድመት አምስት ግራም ሽንኩርት ከበቂ በላይ መርዝ ነው። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ድመት 15 ግራም ይበቃታል፤ ይህም ከትንሽ ራስ ሽንኩርት ያነሰ ነው። ቁሌቱ በደንብ የበሰለበት ምስር ወጥ የተለወሰበት እንጀራ እንግዲህ ለሰው በረከት፣ ለድመት አደጋ ነው።

ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ይባላል። ተረቱ የጠባይ ነው፤ ሳይንሱ ግን ቃል በቃል አጽድቆታል። ድመት ጣፋጭ የምትቀምስበት ዘረ መል ተበላሽቶባታል፤ ስኳር ለእሷ ምንም አይደለም። ካሮት ውስጥ ያለውን ቀለም ወደ ቫይታሚን ኤ መለወጥ አትችልም፤ ኤውን ተሠርቶ ያለቀለት ሆኖ ከሌላ እንስሳ ሥጋ መውሰድ አለባት። አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ከአንድ ማዕድ ቢጎድልባት በሰዓታት ውስጥ አሞኒያ ደሟ ውስጥ ይከማችና ትታመማለች። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ታውሪን ነው። መጀመሪያ የተገኘው በ1827 ከበሬ ሐሞት ነበር። እኛ ሰውነታችን ውስጥ እንሠራዋለን፣ ውሻም በአብዛኛው ይሠራል፤ ድመት የምትሠራው አይበቃትም፣ አትክልት ውስጥ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

በ1975 ታውሪን የሌለበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ሬቲናቸው እየሞተ እንደሚታወሩ ታወቀ። ምግቡ የአትክልት አልነበረም፤ ፕሮቲኑ ከወተት የተወሰደ ነበር። በ1987 ደግሞ በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪም ፖል ፒዮንና ባልደረቦቹ የልብ ጡንቻቸው የላላ ድመቶችን ደም መረመሩ፤ ታውሪኑ ዝቅተኛ ነበር። ታውሪን ሲሰጧቸው ሊሞቱ የቀረቡት ድመቶች ልብ አገገመ። የሚገርመው ድመቶቹ ይበሉ የነበረው በገበያ የሚሸጥ፣ የተሟላ ነው ተብሎ የተጻፈበት ምግብ መሆኑ ነው። አምራቾቹ ከዚያ በኋላ ታውሪን ይጨምሩ ጀመር፤ የሚጨመረውም በፋብሪካ የሚሠራ እንጂ ከእንስሳ የሚወጣ አይደለም።

እዚህ ላይ የቪጋን ድመት ጠበቃ «እንግዲያውስ ታውሪኑን፣ ቫይታሚን ኤውን፣ ሌላውንም በፋብሪካ ሠርቶ በእህል ላይ መጨመር ይቻላል» ይለኛል። በመርህ ደረጃ ልክ ነው፤ አካል የሚጠይቀው ንጥረ ነገሩን ነው። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ያን ሁሉ ጨምሬያለሁ የሚለው ከረጢት ቢሳሳት ድመቷ እስክትታወር ድረስ ማን ያውቃል? የእምነቱ ዋጋ የእኔ፣ የስሕተቱ ዋጋ የእሷ የሚሆንበት ንግድ አይዋጥልኝም።

የነነዌን ጾም የሚያነሡም አሉ፤ በዮናስ መጽሐፍ ሰውም እንስሳም ጾሟልና። እውነት ነው። የተነገረው ግን ስለ ከብትና ስለ መንጋ ነው፣ እኛም የምናስበው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ወፍራም ድመት ሦስት ቀን እህል ውሃ ሳትል ብትውል ደግሞ ስቡ ጉበቷን ሊዘጋው ይችላልና ይህን በቤታችሁ እንዳትሞክሩት።

ሥጋውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ለውሻ ጥሬ ሳንባና ጉበት የመወርወር ልማዳችን፣ ውሃ በቋጠረ እብጠት ውስጥ ያለውን ጥገኛ ትል ወደ ውሻው አንጀት ያስገባል፤ ከውሻው ዓይነ ምድር እንቁላሉ ወደ ልጆች እጅ፣ ከዚያ ወደ ሰው ጉበትና ሳንባ ይደርሳል፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ትልቅ እጢም ይሆናል። ድመት ግን ያለ ሥጋ አትሆንምና፣ ሥጋ ቤቱ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከመዝጋቱ በፊት ለድመታችሁ ልብና ሳንባ ግዙና በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዙ። ከልቡ አብዙ፣ ታውሪኑ እዚያ ይበዛል፤ ጉበት ግን ጥቂት በቂ ነው፣ ቫይታሚን ኤው ሲከማች አጥንቷን ይጎዳልና። ሳንባ ብቻውንም ምግብ አይሆናትም፤ አቅም ያለው ታውሪን የተጻፈበትን የድመት ምግብ ያክልበት፣ ዓሣ የሚያገኝ አብስሎ ይስጣት። ለእሷ የተለየ ድስት ይኑራት፣ ከልጁ ድስት አጠገብ። ጨውና ሽንኩርት ሳታስገቡ በደንብ ቀቅሉት። መረቁንም አትድፉት፤ ታውሪን በውሃ ስለሚሟሟ ሲቀቀል ከፊሉ እዚያ ይቀራል።